የማቴዎስ ያልሆነው ውሃ

የአስቴር አባት፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በአፌ ብዙ ጊዜ አነጋግሬሃለሁ፤ ልብስ ሳጥብ፣ ጎመን ስቀነጥስ፣ ከቤተ ክርስቲያን ብቻዬን ስመለስ። በወረቀት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ፊደሎቼም እንደ አስቴር ፊደሎች ቀጥ ብለው አይቆሙም። ቢሆንም በአፌ ሳወራህ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ስደርስ ወሬ እቀይራለሁ። ወረቀት ላይ እንዲያ ማድረግ ይከብድ ይሆናል ብዬ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ደህና ነን። የኩሽናው ጣሪያ ተቀይሯል። የተከልከው አቮካዶ ቅርንጫፉን ከአጥር አሻግሮ ለጎረቤትም ማፍራት ጀምሯል፤ ጎረቤትም አላፈረም፣ ቅርጫት ይዞ ነው የሚለቅመው። አስቴር መንጃ ፈቃድ አወጣች። አሮጌዋን ላንድክሩዘር የምትነዳት እሷ ናት። ሰዉ ሁሉ «ለቁራጭ ብረት ሽጧት» ሲለን እምቢ ያለችው እሷ ነበረች። የነጋዴ ዕቃ ጭና ሃና ከተማ ድረስ ትሄዳለች። መጀመሪያ ሰሞን መንገደኞች ጋቢናውን አይተው «እህቴ፣ ሹፌሩ የት ሄዶ ነው?» ይሏት ነበር። «ሞቶ ነው፤ እኔን ልኮ ነው» ትላቸዋለች። ይሄን ያህል አንተን ነው የወጣችው።

ጠዋት ጠዋት ሳያት ደግሞ ይብሳል። ሞተር ከማስነሳቷ በፊት የራዲያተሩን ክዳን በእጇ ጀርባ ትነካለች፤ ቀዝቃዛ መሆኑን ሳታረጋግጥ አትከፍተውም። ውሃው አንገቱ ድረስ መኖሩን ታያለች። የጎማ ቱቦዎቹን ጨመቅ ጨመቅ አድርጋ የደረቀና የተሰነጠቀ እንዳለ ትፈትሻለች። ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቷ ተጭና ምን ያህል እንደላላ ትለካለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የራዲያተሩ ክንፎች መሃል የተሰካውን የሣር ፍሬና የሞተ ቢራቢሮ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ውሃ እየለቀቀች ታስወጣዋለች። ከፊት ከታጠበ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይሰካል ብለህ ያሳየሃትን አልረሳችም። ያኔ ቁመቷ ከመኪናዋ የፊት መከላከያ አይበልጥም ነበር።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ጠዋት አብራት የምትጓዝ ነጋዴ ልታግዛት ፈልጋ ባዶውን ጀሪካን አነሳችና ወደ ጎረቤት ጉድጓድ መራመድ ጀመረች። አስቴር እየሳቀች ጮኸች፤ «ተይ ተይ! የማቴዎስ ውሃ እንዳታመጪብኝ!» ሴትዮዋም ሳቀች፤ ጀሪካኑን መለሰች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ይህን አባባል ታውቀዋለህ። ከአንተ በኋላም አልሞተም፤ ይልቅስ ተስፋፍቷል። ጂንካ መናኸሪያ ውስጥ በአቋራጭ የተሠራ ነገር ሁሉ የማቴዎስ ውሃ ነው። ጭነቱን በደንብ ያላሰረ ሰው የማቴዎስ ውሃ ነው ሥራው። በማግስቱ የሚተነፍስ ጎማ የማቴዎስ ውሃ ነው። አሁን ደግሞ የገዛ ልጃችን፣ በገዛ ግቢያችን፣ የአጎቷን ስም እንደ ቆሻሻ ጨርቅ ስትጠቀምበት ሰማሁ።

ያ ውሃ የማቴዎስ አልነበረም። የእኔ ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

አንተና ታናሽ ወንድምህ መኪናዋን በየሳምንቱ እየተፈራረቃችሁ በምትነዱበት ጊዜ ራዲያተሯ ያንጠባጥብ ነበር። በየቀኑ መሙላት ግድ ነው። ኩላንት የሚባለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ እንኳን ልንገዛ ስሙንም እምብዛም አንሰማም። ያንተ ሕግ አንድ ነበር፤ መኪናዋ የዝናብ ውሃ ትጠጣለች። ከጣሪያው በአሸንዳ ወደ ሰማያዊው በርሜል፣ ከበርሜሉ በነጠላ ተጣርቶ ወደ ሁለቱ ጀሪካኖች። በጋ ገብቶ በርሜሉ ሲደርቅ ደግሞ ከነሪ ወንዝ ተቀድቶ። «የጉድጓድ ውሃ ድንጋይ አለው» ትለኝ ነበር፤ «አይታይሽም እንጂ ድንጋይ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ድንጋዩ ከውሃው ይለይና ራዲያተሩ ውስጥ ይጋገራል። ከዚያ ውሃው መዞሪያ ያጣል።» ጀሪካን መሙላት የእኔ ሥራ ነበር። አንተም ማቴዎስም ከቤት ከተሞላው ውጪ አትጨምሩም ነበር።

አሁን ሌላ የማታውቀው ነገር ልጨምርልህ። ሽማግሌ ስትልክ አባቴ «ልጄ ስድስተኛ ጨርሳለች» አለ። እኔ የትምህርት ቤት በር የረገጥኩት የወንድሜን ምሳ ላደርስ ብቻ ነው። አንተ ግን ደስ አለህ፤ ለጓደኞችህ «የተማረች ነው ያገባሁት» ስትል ሰምቼ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ከጋራዥ ወረቀት ይዘህ ስትመጣ «እስቲ አንቺ አንብቢልኝ፣ ዓይኔ አሸዋ ገብቶበታል» ስትለኝ ወጥ አረረ ብዬ እሮጣለሁ። ስንት ወጥ እንዳረረ አስበው። አንተ ደግሞ በሙያዬ ሳይሆን በእሳቱ ታመካኝልኝ ነበር።

አንድ ቀን ሳትይዘኝ ለመማር ቆረጥኩ። መጽሐፌ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከመድኃኒት ጋር የሚሰጥ ወረቀት፣ ከመዝሙር መጽሐፍ የወደቀ ገጽ ነበር። መዝሙሩን በቃሌ ስለማውቀው ከእሱ እየተነሳሁ ፊደሉን ከድምፁ ጋር አገናኘዋለሁ። ቀስ እያለ ገባኝ። ግን ጊዜ የለም። አስቴር ታለቅሳለች፣ እንጨት አለ፣ እርሻ አለ። ከሥራዬ ሁሉ ብቻዬን የምሆንበት ነሪ ወርጄ የምመለስበት ጊዜ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። የጎረቤት ጉድጓድ ደግሞ አጥር ማዶ ነው።

ሁለት በጋ ሙሉ ከጎረቤት ጉድጓድ ቀዳሁ። ጀሪካኖቹን በአፍታ ሞልቼ፣ ነሪ የወረድኩ መስዬ፣ ከእንሰቱ ሥር ተቀምጬ አነባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በዚያ ሰዓት በተማርኩት ፊደል ነው።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከቱርሚ ገበያ ሰውና ፍየል ጭነህ ስትመለስ ወደ ቀይ አፈር ከተማ የሚወጣው ዳገት ላይ መኪናዋ ሙቀት አነሳች። ሙቀቱን ከሞተሩ ለመቀነስ በዚያ በረሃ የጋቢናውን ማሞቂያ እንደከፈትክ ነገርከኝ። ከጎንህ የተቀመጠው ሐመር ሽማግሌ «ሹፌር፣ ፍየሎቼ እኮ ገና ጥሬ ናቸው፤ እኛን ነው የምታበስለው?» እንዳለህም ነገርከኝ። በነጋታው ስታወራው ትስቅ ነበር። ሳቅህ ግን እስከ ጋራዥ ነው የደረሰው። ሞተሩ ሲፈታ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታ የምትሉት፣ በሙቀት ጠምሞ ተገኘ። መካኒኩ ራዲያተሩንም ከፍቶ ውስጡን በካቻቢቴ ፋቀና «ይሄ የቆላ ጉድጓድ ውሃ ሥራ ነው። ከቱርሚ እየቀዳ የሚሞላላችሁ ማነው?» አለህ።

አንተ አለመሆንህን ታውቃለህ። የቀረው ማቴዎስ ነው።

ከራዲያተሩ የወጣውን ነጭ ቅርፊት በመሐረብ ጠቅልለህ መጣህና ግቢ ውስጥ ወንድምህ እግር ሥር በተንከው። ማቴዎስ ቁጢጥ ብሎ አንዱን አነሳ፣ በጣቱ አደቀቀው፣ ቀና አለ።

«ወንድሜ፣ ቱርሚ ጉድጓድ ጋ ወረፋው ራሱ ግማሽ ቀን ነው» አለህ። «ሁለት ሙሉ ጀሪካን መኪናው ላይ አስቀምጬ እዚያ የምሰለፈው ለምንድን ነው? ሰነፍ ካልከኝ እሺ፣ ስንፍናዬን እንኳን በወጉ አስብልኝ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቅህ ነበር። «ራዲያተር አይዋሽም» አልከው።

«እኔ ነኛ የምዋሸው?»

እጅህን ዘርግተህ «ቁልፉን» አልክ። ማቴዎስ ቁልፉን እጅህ ላይ አላኖረውም፤ የመኪናዋ ኮፈን ላይ አስቀምጦት ወጣ።

እኔ ኩሽና ውስጥ ነበርኩ። እሳቱ ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ ተጥዶ ነበር። ክዳኑን ከፈትኩት። ውስጡ ያው ነጭ ቅርፊት ነው፤ ወንድምህ እግር ሥር የበተንከው ራሱ። ለሻይ ከጎረቤት ጉድጓድ እንደምንቀዳ ታውቃለህ፣ ነውር የለበትም። ቢሆንም አንድ ቀን ወደ ውስጥ ትመለከትና ነገሩን ታገናኘዋለህ ብዬ ፈራሁ። ማንቆርቆሪያውን ከነሻዩ ሽንት ቤት ጉድጓድ ጣልኩት። «ሻይ የለም?» ስትለኝ «ማንቆርቆሪያው ተበሳ» አልኩህ። አንተም «አይዞሽ፣ ዛሬ ሁሉም ነገር የሚበሳበት ቀን ነው» አልከኝ። እኔን ልታጽናና።

ለምን አልተናገርኩም? ስንት ዓመት አስቤበታለሁ። ውሃውን ብናገር «ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት የት ነበርሽ?» ትለኛለህ። ሰዓቱን ብናገር ስድስተኛ ክፍል ይፈርሳል። ዛሬ ወረቀት ላይ ሳየው ትንሽ ነገር ነው። ያኔ ቤቴ ሁሉ በዚያች ውሸት ላይ የቆመ ይመስለኝ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ በእውነት ነሪ ወረድኩ። መኪናዋ ተጠግና ሥራ ስትጀምር እንዳንተ ሕግ የወንዝ ውሃ ሞላሁላት፤ ዝናብ ሲመጣ የዝናቡን። ራዲያተሯ ዳግመኛ አልተደፈነም። አንተም መናኸሪያ ቆመህ «አያችሁ? ማቴዎስ ከሄደ ወዲህ አንድ ቀን ሙቀት አንስታ አታውቅም» አልክ። ያጠፋሁትን ለማስተካከል የወረድኩት መንገድ ሁሉ በእሱ ላይ ማስረጃ ሆነ። ይህ ነው ከሁሉም የሚያቃጥለኝ። ብሰንፍ ኖሮ፣ ጉድጓዱን ባልተው ኖሮ፣ እውነቱ ራሱ ይወጣ ነበር።

ማቴዎስ ጂንካን ለቆ ገዘር ከተማ ገባ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ማን ይሰጠዋል? ስሙ ቀድሞት ይሄዳል።

ስትታመምም ዕድል ነበረኝ። «ማቴዎስ ‹አጥፍቻለሁ› ይበለኝ፣ ሌላ አልፈልግም» ብለህ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ገዘር ላክህ። ተመልሰው አልጋህ አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ሻይ እያደልኩ ነበር። «ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብል ለታመመ ወንድሜ ውሸት መላኬ ነው፤ እወደዋለሁ በሉት፣ እሱን አልልም ብሏል» አሉህ። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ልጄ፣ በዚህ ነገር ምን ትያለሽ? አንድ ቤት ነበራችሁ» አለኝ።

ሲኒው እጄ ላይ ነበር። «እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ቆየህ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ አጠጣሁህ፣ ገላህን አጠብኩ፣ ትራስህን አዞርኩ። በአንዱም አልተናገርኩም። መቃብርህን የቆፈረው ማቴዎስ ነው። ማንም ሳይጠራው መጥቶ ቆፈረ፣ አፈሩን መለሰ፣ እጁን ሳይታጠብ ሄደ። እኔ ጥቁር ለብሼ ሰው ደግፎኝ ቆሜ ነበር፤ ሁሉም ያዘነልኝ እኔን ነው።

አስቴር ያንን ቃል ካወጣች በኋላ ለሦስት ሳምንት እንቅልፍም ምግብም አልሆነልኝም። ከዚያ በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ገዘር ሄድኩ። ማቴዎስ በር ላይ ኮረሪማ እያሰጣ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል፤ አንገቱ ያንተ አንገት ነው። «የአስቴር እናት! ምን ሆናችሁ?» ብሎ ተነሳ፤ ሰው የሞተ መስሎት። ሳልቀመጥ ነገርኩት። ጉድጓዱን፣ ጋዜጣውን፣ ማንቆርቆሪያውን፣ «እኔ ምን አውቃለሁ» ያልኩትን ሁሉ። እሱ ኮረሪማውን አንድ በአንድ ያገላብጣል። ስጨርስም ያገላብጥ ነበር።

በመጨረሻ «የሚገርመኝን ልንገርሽ?» አለ። «አንቺ ዝም ስትዪ ሰው ‹ጨዋ ናት› ይላል። እኔ ዝም ስል ‹አጥፍቶ ነው› ይላል። ዝምታ እኮ ያው ዝምታ ነው።»

ይቅር በለኝ አልኩት፤ ጉልበቱን ልይዝ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ አቆመኝ። በቁጣ አልነበረም። «ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ አለመሆኔን መቼ አጣሁት? ስሜን ያጣሁት መናኸሪያ ነው። እዚያ ሂጂና ንገሪ» አለኝ። ሚስቱ ምሳ ብዪ ብላ ለመነችኝ። እሱ ግን አልለመነኝም።

ታውቀኛለህ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸሎት አድርጊ ሲሉኝ እንኳን ድምፄ አይወጣም። መናኸሪያ መሃል ቆሜ ለሹፌር ሁሉ ልናገር! አራት ቀን አመነታሁ። በአምስተኛው ለአስቴር ሳልነግራት ጋቢና ገብቼ «መናኸሪያ አድርሺኝ» አልኳት።

ጠዋት ነበር፤ ሹፌሮቹ መኪና ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ። ሄጄ መሃላቸው ቆምኩና «የማቴዎስን ውሃ የቀዳሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ያሰብኩት ንግግር ረጅም ነበር፤ የወጣው ይህ ብቻ ነው።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ አንዱ ወጣት «የምን ውሃ ነው እናቴ? ተጠምተሽ ነው?» አለኝ። ሌላው «ማቴዎስ ማለት ሰው ነው እንዴ?» ብሎ ጓደኛውን ጠየቀው። «እኔ ተረት ይመስለኝ ነበር።»

የአስቴር አባት፣ ይህን ግን አልጠበቅኩም። ስድብም ቢሆን ጠብቄ ነበር። ወንድምህ እዚህ ከተማ ተወልዶ፣ እዚህ መንገድ ላይ ነድቶ፣ ሰው መሆኑ እንኳን ተረስቶ ነበር።

የሚያስታውሰው ሽማግሌው ሹፌር ጋሽ በቀለ ብቻ ነው፤ አባባሉን መጀመሪያ ያወጣው እሱ ነበር፣ ታስታውሳለህ። ባርኔጣውን አውልቆ መጣና ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድናገር አደረገኝ፤ ድምፄ ሲያንስ እሱ ጮክ ብሎ ይደግመዋል። ስጨርስ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ «እኔ ሰው ላስቅ ብዬ ነው ያወጣሁት። አሁን ይሄን ከስንት ሰው አፍ ነው የምሰበስበው?» አለ። አንድ ቀልደኛ ከኋላ «ቀላል ነው! ከዛሬ ጀምሮ የአስቴር እናት ውሃ ነዋ!» ሲል ሁሉም ሳቁ። አስቴር የመኪናዋን በር በርግዳ ልትወርድ ነበር። እጄን አንስቼ አቆምኳትና «በሉት» አልኳቸው። «በእውነት በሉት፤ የእኔ ነው።» ሳቁ ቆመ። እንግዲህ ይበሉት አይበሉት አላውቅም። ሰው የለመደውን ቶሎ አይተውም።

ወደ ቤት ስንመለስ አስቴር ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ነዳች። በር ላይ ሞተሩን አጥፍታ «እማ፣ አባዬ ሊሞት ሲል እንኳን?» አለች። እስከ ዛሬ ድረስ ከእኔ ጋር የምታወራው ስለ ሥራ ብቻ ነው። እውነቷን ነው። አንተን ብቻ አይደለም የዋሸሁት፤ አጎት ነው ያሳጣኋት። ባለፈው እሑድ ግን ለማንም ሳትነግር መኪናዋን አስነስታ ገዘር ሄደች። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኋትም፤ መጠየቅ የእኔ አይመስለኝም። ለማቴዎስ ስልክ ደውዬ መናኸሪያ መናገሬን ስነግረው «ሰማሁ» ብሎ ዘጋው። ቤቴ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ባይመጣም እኔ በየወሩ እሄዳለሁ፤ ቢያስገባኝም ባያስገባኝም።

አንተ ግን መስማት ሳትችል ነው የነገርኩህ። ያንን «አጥፍቻለሁ» የሚለውን ቃል እየጠበቅክ ነው የሄድከው፤ ቃሉ ደግሞ ሻይ በምታድልህ ሴት አፍ ውስጥ ነበር። አጥፍቻለሁ። እንግዲህ እዚያ ሰው የሚሰማ ከሆነ ስማኝ፤ ከማንም በፊት ደግሞ ወንድምህን ይቅርታ ጠይቀው። ይህን ሁለት ሰው ነን ያጠፋነው። እኔ ዋሸሁ፤ አንተ ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳን «ጀሪካኑን ማን ነው የሚሞላው?» ብለህ አልጠየቅክም። ማመንህን ወቀሳ ማድረጌ ይሆን? አላውቅም። ግን በዚያ እምነትህ ውስጥ ለእሱ የሚሆን ትንሽ አልተረፈም ነበር።

የሙት ዓመትህን ባሰብን ቁጥር ሰው «ወንድሙ የበደለው ደግ ሰው» እያለ ያነሳሃል፤ እኔም ራሴን እነቀንቅ ነበር። ደግነትህን አልክድም፤ ቆሜ እመሰክራለሁ። ከእንግዲህ ግን ሚስቱ የዋሸችውን፣ ወንድሙን ያለ ጥፋቱ ያባረረውን፣ እስከ መጨረሻው ልክ ነኝ ብሎ ያመነውን ሰው ነው የማስታውሰው። በሕይወት እስካለሁ እንዲህ አድርጌ አስታውስሃለሁ። የፊተኛው ይቀለኝ ነበር። ያገባሁት ግን ይሄኛውን ነው።

የአስቴር እናት